ከወገብ በታች

ከአሞራ ገደል ዳር፣ ዓሣ ከሚበለት፣
ጎርፉ ሞተር ፈትቶ፣ ሸራ ላይ በትኖት፣
ብሎኑን በጣቱ እየለየ አንድ አንድ፣
ያወራል ስለ ጨው፣ ስለ ምጽዋ መንገድ።
ድሮ ባሕር ኃይል፣ መርከበኛ ነበረ፤
ባሕሩ ሄደና እሱ እዚህ ቀረ።
አባ ኮዳው ቆሞ፣ ራሰ በራ ዳኛ፣
የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፤ ወሬ ደግሞ እኛ።

"የዓለምን ጠርዝ ሊያዩ በሸራ የወጡ፣
ትል ያለው ብስኩት በልተው፣ ዝናብ እየጠጡ፣
መቶ ቀን መሬት ያጡ፣ ድዳቸው የደማ፣
ድንገት ከማዕበሉ የሴት ድምፅ ሲሰማ
ይንጠለጠላሉ ከመርከቡ አፋፍ፤
ፀጉር አለ፣ ጡት አለ፣ ከወገብ በታች ጭራና ክንፍ።
ጸሐፊያቸው ብቻ፣ እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣
ያየውን በመዝገብ በአንዲት መስመር አስቀመጠ፦
'ሐሙስ። ነፋስ ከምሥራቅ። ሴት።'
ከዚያ በታች ባዶ፤ የቀለም ጠብታ አንዲት።"

"ይህን ማን ነገረህ?"
"ወሬ ራሱ ይዋኛል፤
በደረሰበት ወደብ ጭራ አብቅሎ ይገኛል።"

እሱስ አይቷል? አዎ። ዳህላክ አጠገብ፣ ማለዳ፣
የጥበቃ ተራው ሲያልቅ፣ ሌላው ሳይሰናዳ፣
አንዲት ግራጫ ፍጥረት፣ አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣
ብቅ አለች፣ ግልገሏን ታቅፋ ወተት ልታጠጣ።
"የባሕር ላም ናት" አለ የተማረው መኮንን።
ማንም አልሰማውም፤ ሰሙ ዝምታዋን።
አንዱ አማተበ፤ አንዱ እናቱን ጠራ፤
ጎርፉ ቆቡን አወለቀ፣ እያፈረ፣ እየፈራ።

ዘንድሮ ደግሞ እዚህ ወሬ ተነሣ፤
ጥቁር ውሃ በኩል፣ ከደንገሉ ኋላ፣ "ከወገብ በታች ዓሣ"።
ዳንጊሶ አየኋት አለ፣ የወርቅ ሚዶ ይዛ።
ጦና ግን ጢሟን ነው ያየው፣ እንደ አምባዛ።
ሌላው "ስሜን ጠራችኝ፣ ከነአባቴ" ብሎ
ሦስት ቀን ተኛ፣ መረቡን ሰቅሎ።
"ጉማሬ ነው" ያለ አንድ ልጅ ነበረ፤
በሾርባው ጭልፋ ተኮርኩሞ ቀረ።

እኔ የማኅበሩ ቆጣሪ ነኝ፤ ቆሮሶ ስንት፣ አምባዛ ስንት፣
የጀልባ ቁጥር፣ የባለፈቃድ ስም፣ ሰዓት።
ተረት የሚገባበት ዓምድ መዝገቤ የለውም።
ግን አንድ ሌሊት ጎርፉ "ና" አለኝ፤ እምቢ አላልኩትም።
ሞተሩን አጥፍተን ቀዘፍን በቀስታ፤
ከኋላ የከተማው መብራት፣ ከፊት ጸጥታ።

አየናት።
ውሃው እስከ ወገቧ፤ ፀጉሯ ደረቷ ላይ ተጣብቋል፤
ከታች የሆነ ነገር፣ ቅርፊት ቅርፊት፣ ያብረቀርቃል።
ልቤ ተረቱን አመነ፤ ጉልበቴ ፈዘዘ፤
ጎርፉ ባትሪ አብርቶ ፊቷ ላይ ያዘ።

ባሎቴ ነበረች። ባለፈው ክረምት
ጉማሬ ባሏን ከነጀልባው የገለበጠባት።
መረቡ ተርፏት ነበር፤ ፈቃዱ ግን በእሱ ስም፤
"ለሴት?" ብሎ ስቆ፣ ማኅበሩ አልተቀበላትም።
በእኔ እጅ ነው የተጻፈው፣ ያ "አይቻልም" የሚል ወረቀት።
እግሯ ላይ የተጠመጠመው መረብ፣ ሃያ ሁለት ቆሮሶ ያለበት፣
ጭራዋ ያ ነበር።
"መብራቱን አጥፋው" አለች። ጎርፉ ግን ቀድሞ
ቆቡን አውልቆ ነበር፣ ጀልባው ውስጥ ቆሞ።

በማግስቱ ሾርባው ጋ፣ ሁሉም ሲሰበሰብ፣
"እውነት ነው" አለ ጎርፉ፤ "ጭራ አላት፣ ከወገብ።
ደንገሉን አትጠጉ፤ ጀልባ ትገለብጣለች፤
ሚስት ያለውን በተለይ፣ ሽታውን ታውቃለች።"
ዳንጊሶ ምራቁን ዋጠ። አባ ኮዳው አቀረቀረ።
ደንገሉ ከዚያ ቀን ወዲህ የእሷ ሆኖ ቀረ።

እኔም መዝገቤን ገለጥኩ፣ የባለፈቃድ ስም ከሚለው ቤት፤
እስክሪብቶዬ ብዙ ቆመች፤
የቀለም ነጠብጣብ፣ አንዲት።
ከዚያ ጻፍኩ፦
"ሐሙስ። ነፋስ ከታቦር። ቆሮሶ ሃያ ሁለት።
ሴት።"